ዋስ ያልተጠራባት በቅሎ

በቅርቡ ሬዲዮ ሳዳምጥ አንድ የሕግ ሰው ስለ አዲስ አዋጅ ሲያስረዳ ሰማሁ። «በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ወይም ንብረትን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ይለዋል። ነገሩን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ባንክና ኮምፒዩተር ያለበት አገር ብቻ የሚያውቀው በሽታ አድርጎ ነበር የሚያወራው። ሳቄ መጣ። ያን ሥራ እኛ ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ምንም ባንክ ሠርተነዋል። ሕጋዊ የተደረገችው አንዲት በቅሎ ነበረች፤ የተደረገችውም በእኔ ሠርግ ነው።

የዛሬ ልጆች ስለማያውቁ ልንገራቸው። በዚያን ዘመን በእኛ አገር ገበያ የጋማ ከብት ያለ ዋስ አይሸጥም ነበር። ገዢ የበቅሎዋን ጥርስ ከማየቱ በፊት ሻጩን «ማን ያውቅሃል?» ይለዋል። ሻጩ ከገበያተኛው መሐል የሚያውቀውን ሰው ይጠራል። የተጠራውም «አውቀዋለሁ፣ ከብቷም የራሱ ናት፣ ነገር ቢመጣ እኔን ያዙኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ነው ሒሳብ የሚከፈለው። ከብቷ የሌባ ሆና ብትገኝ የተገኘችበት ሰው ሻጩን ይጠራል፣ ያም የሸጠለትን ይጠራል፣ እንዲያ እየተባለ ወደ ኋላ ይኬዳል። ሻጩን መጥራት ያቃተው ሰው፣ ሌባው እሱ ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ከመጡ በኋላም ሕዝቡ የሚያስበው እንደዚሁ ነበር፤ ፖሊሱም ራሱ ከዚያው ሕዝብ የወጣ ነውና።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያውቅ ሕዝብ ግን አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር። ከአማች ዋስ አይጠየቅም። የጥሎሹን ቀሚስ ከየት ገዛችሁት፣ ቀለበቱን ከማን አገኛችሁት ብሎ የሚጠይቅ የሙሽራ አባት በአገራችን አልተወለደም። ስጦታ ይመረቃል እንጂ አይመረመርም።

አባቴ ከአንኮበር ቁልቁል ባለች አንዲት ደብር ቄስ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። የንስሐ ልጆቹ ደግሞ በየገደሉ ጫፍና በየሸለቆው ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። አሮጊት ታመመች ሲባል ይወርዳል፣ ሕፃን ክርስትና ሊነሣ ነው ሲባል ይወጣል። የነበረችው በቅሎ ገደል ገብታ ከሞተችበት በኋላ ይህን ሁሉ በእግሩ ነበር የሚያደርገው፤ ጉልበቱንም ያመው ነበር።

እኔ የተዳርኩበት ቤት ደብረ ብርሃን መኪና መንገድ ዳር ነው። አማቴ፣ የባሌ አባት ማለቴ ነው፣ ሱቅ የነበራቸው፣ እህልና ቆዳ የሚነግዱ፣ ለነዳያንም ለማኅበርም እጃቸው የሚፈታ ሰው ነበሩ። አባቴን «እሱ» እያልኩ ያንን ሰው እስከ ዛሬ «እሳቸው» ማለቴን ልጆቼ ይታዘቡኛል። ይታዘቡኝ፤ ምላስ የለመደውን አይተውም።

ለመልስ አባቴ ቤት የሄድን ጊዜ፣ እንግዳው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ፣ በማግስቱ ማለዳ የአማቴ አሽከር አንዲት ዳማ በቅሎ እየሳበ መጣ። ለአባቴ የተላከች ስጦታ ናት። መልእክቱም እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለሰው ይታይልኝ አላልኩም፤ በአደባባይ የሚሰጥ ስጦታ ውዳሴ ከንቱ ነው።» አባቴ እንባው መጣ።

«እንዲህ ያለ ክርስቲያን ዛሬም አለ?» አለ አንገቷን እየዳበሰ።

እኔ ምኑንም ሳላስብ «ከየት ገበያ ተገዝታ ይሆን?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንቺ ልጅ! የሠርግሽ ጠላ ሳይነጥፍ አማትሽን ትመረምሪያለሽ?» አለኝ፤ ተቆጥቶም ስቆም። ባሌ አጠገባችን ነበር። መሬት መሬት ያይ ነበር፤ አፍሮ መስሎኝ ነበር።

በቅሎዋ ቆንጆ ነበረች፤ ግን የሜዳ በቅሎ ናት። ገደል ስታይ አራት እግሯን ተክላ ትቆማለች። አባቴ በምርቃትም በልመናም ሞከራት። አንድ ቀን ግን ቁልቁለት ላይ ጥላው ክንዱ ተላላጠና ተስፋ ቆረጠ። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ወርዶ ለአንድ እስላም ነጋዴ ሸጣት፤ በዋጋዋም ሌላ የገደል በቅሎ ሊገዛ አስቦ ነበር። ነጋዴው ዋስ አልጠየቀውም። «ከቄስ ዋስ ጠይቄ ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ?» አለው አሉ። አባቴ ይህን እየደጋገመ ሲነግረኝ ፊቱ ይበራ ነበር። ሰው ካመነው ሌላ ሀብት አይፈልግም ነበር፣ የኔ የዋህ!

እንግዲህ በቅሎዋ አንዴ በጋብቻ፣ አንዴ በክህነት ከእጅ ወደ እጅ አለፈች። ሁለቱንም ጊዜ የማን ናት ያላት የለም። የሬዲዮው ሰው ደርዘን ቃል የሚያባክንበት ነገር ይኸው ነው። የተሰረቀው ነገር በጨዋ ሰው እጅ ባለፈ ቁጥር የጨዋው ወዝ እየተቀባ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሌባው ራሱ ቢያየው አያውቀውም። ባለቤቱ ግን ያውቀዋል።

ባለቤቷ የለሚ ገበሬ ነበር። ነጋዴው በቅሎዋን ጭኖ ጫጫ ገበያ ሲደርስ ያ ገበሬ እህል ሊሸጥ መጥቶ ኖሮ አያት። ገና ከሩቅ በስሟ ጠራት፤ ዞረች። ጆሮዋ ሥር ውርንጭላ ሳለች የነካት የእሳት ጠባሳም ነበረ። ነጋዴው ተያዘና «ወላሂ ከቄስ ነው የገዛኋት!» አለ። እውነቱን ነው።

እኔ ያንን ቀን አማቴ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ከአንኮበር ላምባ ሊገዛ የመጣ ሰው፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳያውቅ፣ «ጉድ ነው! ቄሱን በበቅሎ ሌብነት ይዘው አመጧቸው። ከቅዳሴ ሲወጡ ነው የያዟቸው» አለ። ደብሯንም ጠራ። አማቴ ሚዛን ይዘው ነበር። ቀስ ብለው አስቀመጡትና «እግዚኦ! እኚያን የመሰሉ ካህን!» አሉ። ወደ እኔ ግን አላዩም። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «ስንቅ ቋጥሪና ሂጂ። ቅቤ እንዳታሳንሺ» አሉኝ።

እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ አባቴን ሳየው አላወቅሁትም። ጥምጥሙን አውልቀውበታል። የአባቴን ራስ ፀሐይ ላይ ራቁቱን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ትንሽዬ ነበረች። ብሞት ይሻለኝ ነበር።

«አባዬ፣ ከየት እንደመጣች ለምን አትነግራቸውም?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማ!»

«ሆድሽ ገፍቷል» አለኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዛሬ አማቼን በሌባ ብጠራ ነገ አንቺ በየትኛው በር ትገቢያለሽ? እኔ ቤት እንዳትመጪ እኔ እዚህ ነኝ።»

«ታዲያ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩዋ!»

«እሳቸውም እንደኔው ተታለው ይሆናል። ዝም አይነቅዝም፤ ዝም በይ። ቅቤው በዝቷል፤ ለነዚህም አካፍያቸው።»

እሱ የመረቀው፣ እኔ ያመጣሁት ቅቤ ከዚያው ሰው ቤት የወጣ ነበር።

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ከእስር ቤት ስመለስ ደጃፍ ላይ ጠበቀኝና ዐይኔን አይቶ ማልቀስ ጀመረ። ያኔ ገባኝ።

«ታውቃለህ ማለት ነው» አልኩት።

«ከገበያ አልተገዛችም» አለኝ። «ከለሚ በኩል የመጣ ሰው በጓሮ በር አስገባት። ዋጋዋ የግማሽ በቅሎ ዋጋ ነው። አባቴ አትርፎ ሊሸጣት ነበር። ኋላ ሲያስበው 'ገበያ ብናወጣት ዋስ ጥሩ ይሉናል' አለ። ለጋብቻችን ሽማግሎች ደግሞ 'ለካህኑ አንድ ነገር እሰጣለሁ' ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። አባትሽ በእግሩ እንደሚሄድ ትዝ አለው።»

ትዝ አለው! የአባቴ ጉልበት ለሰውየው የታወሰው ለዚህ ነበር።

«ይህንኑ ዳኛው ፊት በል።»

«አባቴን በገዛ አፌ ላሳስር?»

«የእኔንስ?»

ፊቱን አዙሮ ወደ ቤት ገባ። እኔም ብሆን እሱን ሆኜ ሳስበው፣ በአባቴ ላይ አፌን እከፍት ነበር ወይ እላለሁ። ግን ያን ጊዜ እንዲህ አላልኩም፤ ያን ጊዜ ጠላሁት።

ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር። ከሰው ጨዋታ ይልቅ የራሱን ድምፅ የሚወድ ዓይነት ነው። ወደ እሱ ሄጄ ሕጉ ምን እንደሚል ጠየቅሁት።

«አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሌባውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው» አለኝ፤ ብዕሩን ወደ ሰማይ ቀስሮ። «የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ፣ የተቀበለ፣ የደበቀ፣ መልሶ የሸጠ ይቀጣል። ያወቀ ብቻም አይደለም፤ ማወቅ ሲገባው ዐይኑን የጨፈነም ጭምር።»

«ማወቅ ይገባው እንደነበረ በምን ይታወቃል?»

«በዋጋውና በበሩ ነዋ! በርካሽ ከገዛ፣ በጓሮ ካስገባ፣ ዋስ ካልጠየቀ፣ ሕጉ 'መጠርጠር ነበረብህ' ይለዋል።»

ሰውየው አማቴን አንድም ቀን ሳያያቸው ቁጭ አድርጎ ሥሏቸው ነበር። ሕጉን ወደድኩት። የጻፈው ሰው የእኛን ጓሮ ያየ ነው የሚመስለው።

«አባቴ ዘንድ ግን በጓሮ አልመጣችም፤ ስጦታ ናት» አልኩት።

«ማን ሰጠው?»

ስም አልጠራሁም። ብዕሩን አወረደና «እንግዲህ ስም ከሌለ ሕግ ምን ያድርግ?» አለኝ። ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በላዩ ላይ ብገለብጥበት ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እውነቱን ነበር።

የችሎቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ቄስ በሌብነት ሲከሰስ ማየት የማይፈልግ ማን አለ? አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ባሌ ከጎናቸው ነው። የለሚው ገበሬ በቅሎዋ የእሱ መሆኗን አስመሰከረ። ነጋዴው ከቄሱ እንደገዛት ተናገረ። ተናግሮም አባቴን «አፉ ይበሉኝ» አለው። ቀጥሎ ዳኛው አባቴን «ከማን አገኟት?» ብለው ጠየቁት። ዳኛው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ አንቱ ነው ያሉት።

«አልሰረቅሁም» አለ አባቴ።

«ከማን አገኟት?»

«አልሰረቅሁም፣ ጌታዬ። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነበር። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» አለና ሰዉን አሳቀው። አማቴም ፈገግ አሉ። ትንሽ ነው፣ በከንፈራቸው ጫፍ ብቻ፤ ሌላው ሲስቅ ላለመለየት ይሆናል። እኔ ግን ያችን ፈገግታ ሳይ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም።

«እኔ አውቃለሁ! ከአማቴ ቤት ናት የመጣችው! እዚህ ተቀምጠዋል!» አልኩ።

 ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ለአንዲት አፍታ ነገሩ የተስተካከለ መሰለኝ። ዳኛው እንደሚሰሙኝ ከፊታቸው አየሁ፤ አንድ ሰው ብቻ «እውነት ነው» ቢል በቂ ነበር። ባሌ ራሱን በእጁ መዳፍ ውስጥ ቀበረ። ያን ጊዜ ድምፅ ተሰማ፤ የአባቴ ድምፅ ነበር።

«ጌታዬ፣ ልጄ ናት» አለ። «እርጉዝ ናት፤ ደንግጣለች። ልጅ ለአባቷ ስትል ምን የማትለው አለ? ይቅር ይበሏት።»

ሰዉ ከንፈሩን መጠጠልኝ። አንዲት ባልቴት ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «አይዞሽ እናቴ» አለችኝ። አማቴም ራሳቸውን በኀዘን ነቀነቁ፤ ለደነገጠች ምራታቸው አዝነው ማለት ነው። እኔ ወደ አባቴ አየሁ። እሱ ወደ እኔ አላየም። ያን ጊዜ የተሰማኝን ቁጣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የተቆጣሁት በአማቴ ላይ አልነበረም፣ በእሱ ነበር። በራሱ እጅ አፌን ዘጋው።

ነገሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ እሱ ላይ ቆመ። ሻጩን መጥራት ያቃተው እሱ ነበርና። ዳኛው ሲፈርዱ፣ መስረቁ በማስረጃ ባይረጋገጥም፣ የተሰረቀች መሆኗን ማወቅ ሲገባው ተቀብሎ መሸጡ ተረጋግጧል አሉ። በሕጉ ቃል እንከን አላገኘሁበትም። እስራት ተፈረደበት፤ ሀገረ ስብከቱም ከመቅደስ አገደው።

በቅሎዋ ወደ ለሚ ተመለሰች። ነጋዴው ግን ገንዘቡን አጣ። ይህን የሰሙት አማቴ ሰው በተሰበሰበበት ኪሳቸውን ከፈቱና «የአማቼ ዕዳ የኔ ዕዳ ነው» ብለው ከፈሉት። ነጋዴው እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላቸው። ደብረ ብርሃን በሙሉ ያንን ሳምንት ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዕዳው ስለተከፈለ ለአባቴ እስራቱ ቀለለለት፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ለአማቴ ቆጠረላቸው። በግማሽ ዋጋ የተገዛች አንዲት በቅሎ ቃላቸውን አስጠበቀችላቸው፣ ስማቸውንም አገነነችላቸው። ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያገኘ ነጋዴ በሕይወቴ አላየሁም።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ስንቅ አመላለስኩ፣ ወለድኩ፣ ልጄን አዝዬ ስንቅ አመላለስኩ። በዚያው ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሰው ስለ አማቴ ደግነት ሲያወራ በርበሬ መዘንኩ። አንዳንዴ ጠቅልዬ ልሂድ እላለሁ። ወዴት? አንኮበር ያለው ቤት ተዘግቷል፤ ቁልፉም እስር ቤት ባለው ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

አባቴ የተፈታ ዕለት መጀመሪያ የመጣው ወደ ሱቁ ነው። ጢሙ ሸብቷል፣ ጥምጥሙን አልጠመጠመም። ገበያተኛው መንገድ ለቀቀለት። ፊት ለፊት አማቴ ዘንድ ሄደና እጅ ነሣ፤ ካህኑ ለነጋዴው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ባለውለታዬ ነዎት» አለ።

«ኧረ ምን ገዶኝ!» አሉ አማቴ። «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ። አንቺ፣ በርጩማ አምጪላቸው።»

በርጩማ አመጣሁ። ቆዳ ሊሸጥ የመጣ ሰው «እንዲህ ያለ አማች ይስጠን» አለ፤ ሌሎቹም «አሜን» አሉ። እኔም በልማድ አልኩት መሰለኝ።

በኋላ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ እስከ ከተማው ጫፍ ሸኘሁት። ልጄን ተቀብሎኝ አቀፈው። ሰው እስኪርቅልን ጠበቅሁና በሆዴ የተጠቀጠቀውን ሁሉ አወጣሁት፤ የጓሮውን በር፣ የግማሽ ዋጋውን፣ ባሌ የነገረኝን አንድ ሳላስቀር። ሲሰማ እንዲቆጣ ነበር የፈለግሁት። አንዴ ብቻ ቢቆጣልኝ በቂዬ ነበር።

እያዳመጠኝ የልጁን ግንባር በጋቢው ጫፍ ከፀሐይ ጋረደለት።

«የንስሐ አባቴ ዘንድ እየሄድኩ ነው» አለኝ። «ቀኖና እቀበላለሁ።»

«የምን ቀኖና? ምን አጥፍተሃል?»

«የበቅሎዋን ነዋ።»

«አባዬ፣ አንተ አልሰረቅህም! ሌላው ቢቀር አንተ ይህን ታውቃለህ!»

ቆመና በትዕግሥት፣ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር፣ «ልጄ፣ ዳኛው ቅን ሰው ናቸው፤ ፈርደውብኛል። ነጋዴው በእኔ ተጎድቶ ነበር። እኚህ ሰውዬ ከፍለው አዳኑኝ። ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻ ልክ ልሆን?» አለኝ።

የሚያስመስል መስሎኝ ዐይኖቹን ፈለግሁ። አላስመሰለም። ከልቡ ነበር። ልጄን መልሶ ሰጠኝና ቁልቁል ሄደ፤ ያንን ዓመት ጾሙን በሙሉ ለስርቆቱ ጾመ።